ሳይጠሩት አቤት፦ አንድ ዓመት በቶድሞርደን

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ እንግዳ የለኝም። ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ነው የምቀዳው። ከኋላዬ የሚንሿሿ ነገር ከሰማችሁ ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ኖሮ ይሄ ፖድካስት እስካሁን አይጀመርም ነበር።

ወሬዬ ስለ አንድ ዓመት ነው። መስከረም 2017 ላይ ከለንደን ወጥቼ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ገባሁ። አሁን መስከረም 2018 ነው። ዓመቱን ሙሉ እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር አንድ የማትረሳው ጥያቄ ነበራት። ጤናሽን ትላለች፣ ሥራሽን ትላለች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ቡና የሚጠራሽ ሰው አለ?» ትለኛለች።

«አለ እንጂ» እላት ነበር። ውሸቴን ነው። ማንም አልነበረም።

ከተማዋ ቶድሞርደን ትባላለች። የአገሬው ሰው አሳጥሮ «ቶድ» ይላታል። ማንቸስተርና ሊድስ መሃል፣ ፔናይን በሚባሉት ኮረብቶች ውስጥ፣ ሦስት ሸለቆዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተወሽቃለች። ሕዝቧ 15 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ድሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ቤቶቹ ድንጋይ ናቸው፤ የፋብሪካ ጭስ ያጠቆረው ድንጋይ። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ዳገቱን ይወጣሉ። የመጣሁት ለሥራና ለርካሽ ኪራይ ነው። ሥራዬ ኬር ነው፣ አረጋውያንን መንከባከብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ሺፍት።

የመጀመሪያው የጎረቤት ሰላምታዬ ምን ነበር መሰላችሁ? ብጣሽ ወረቀት። በሩ ላይ ባለችው የፖስታ ቀዳዳ ተወርውራ ምንጣፉ ላይ አገኘኋት። «በዚህ ሳምንት ተራው የግራጫው ቢን አይደለም» ትላለች። ቢን የቆሻሻ ገንዳው ነው፤ እዚህ ቆሻሻ ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ፣ ግራጫው ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ። ስትሳሳቱ ቢናችሁ እንደሞላ መንገድ ላይ ቆሞ ያሳጣችኋል።

ወረቀቷን ሳነብ በጣም ነበር የከፋኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን በአጥር ላይ «አንቺ፣ ዛሬ እኮ አይወስዱም!» ተብሎ ይጮህና ያልቃል። ወረቀት መጻፍ ምን ይሉታል? ክስ መሰለኝ። የጻፉት ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ናቸው፣ ሰማንያ የሞላቸው። አንድ ነገር ግን አላወቅሁም ነበር። ከሌሊት ሥራ መጥቼ ተኝቼ ስነሳ ባዶው ቢን ሁልጊዜ ከመንገድ ዳር ተነስቶ ግቢዬ ገብቶ አገኘዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው የሚመልሱት ብዬ አስብ ነበር። ለካ እሳቸው ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው።

በነገራችን ላይ ሴትየዋን «በስሜ ጥሪኝ» ይሉኛል። ሰማንያ ዓመት ሴት በስሟ ብቻ እንዴት ይጠራል? አፌ እሺ አላለኝም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለው ነገር፣ መላ አጣሁለት። እሳቸው ደግሞ እኔን «ላቭ»፣ ፍቅሬ እንደማለት፣ ይሉኛል። የአውቶቡሱ ሾፌርም «ላቭ» ይለኛል፣ ባለ ሱቁም። መጀመሪያ ሰሞን ሾፌሩ ሲለኝ ደንግጬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የሚገርማችሁ፣ ከተማዋ ውስጥ ጥሪ ሞልቷል። ግን ግድግዳ ላይ ነው። የላይብረሪው መስኮት፣ የዳቦ ቤቱ በር፣ የገበያ አዳራሹ ሰሌዳ፣ ሁሉም ወረቀት በወረቀት ነው። ሹራብ እየሠራን እናወራለን፣ ኑ። መዘምራን እንፈልጋለን፣ ኑ። የወንዙን ዳር እናጸዳለን፣ ኑ። እኔ በየቀኑ አነብና አልፋለሁ። ለእኔ የተጻፈ አይመስለኝም። ማንም በስሜ አልጠራኝማ! እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ያልተጠራሁበት መግባት ለእኔ ነውር ነው። እና አንድ ሦስት ወር ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠሪ ጠበቅሁ።

ጨለማው ደግሞ አለ። ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። እኛ ሸለቆ ውስጥ ስላለን ከዚያም ቀድማ ኮረብታው ጀርባ ትገባለች። ከሌሊት ሺፍት ገብቼ፣ ተኝቼ ስነሳ ቀኑ አልቋል። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሳላይ የቀረሁበት ጊዜ ነበር።

ኖቬምበር 5 ማታ ውጪ ትልቅ እሳት አየሁ። ልቤ «ደመራ!» አለ። ሰው ሕፃናቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቦ ቆሟል፣ ርችት ይተኮሳል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 ጋይ ፎክስ የሚባል የዚሁ የዮርክ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ 36 በርሜል ባሩድ ፓርላማው ሥር ደብቆ ንጉሡን ሊያጋይ ነበር፤ ተያዘ። ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ያልተሳካውን ሴራ በእሳት ያከብራሉ። እጄ ላይ ፓርኪን የሚሉትን ኬክ አስያዙኝ። አጃና ዝንጅብል አለበት፣ ጥቁር፣ ጥርስ ላይ የሚለጥፍ። ደስ ሲል! ከጎኑ ደግሞ የተላቆጠ አረንጓዴ አተር። ስቀምሰው የእናቴ የአተር ክክ አልጫ ነው፣ እርድና ነጭ ሽንኩርቱ የቀረበት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው ነገር የተለወጠው። ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ አላቋርጥ አለ። ሥራ ልሄድ ስወጣ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ የውሃ መከላከያ ሳንቃ እየገጠሙ ነው። ወንዙ፣ ካልደር ይባላል፣ ቡናማ ሆኖ ይደነፋል። ጎረቤቴ በር ላይ ቆመው ያዩታል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ያን ዕለት ነው እ.ኤ.አ. ስለ 2015 የነገሩኝ። ዲሴምበር 26፣ በእነሱ ገና ማግስት። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ይሄ ሳይረን የጦርነት ፊልም ላይ የምትሰሙት ዓይነት ነው፣ አንጀት የሚያላውስ። ካልደር ሞልቶ ቶድሞርደንን፣ ሄብደን ብሪጅን፣ ሸለቆውን በሙሉ አጥለቀለቀ። የእሳቸው ኩሽና ውስጥ ፍሪጁ ተንሳፍፎ ነበር። ግን ያወሩልኝ በብዛት ስለ ማግስቱ ነው። በማግስቱ የማያውቋቸው ሰዎች አካፋና መጥረጊያ ይዘው በራቸው ላይ ቆሙ። «ማን ላካችሁ?» አሏቸው። ማንም አልላካቸውም። ጭቃውን ጠርገው፣ የረጠበውን ምንጣፍ አውጥተው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ያ ወሬ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ቦታ ሲመላለስብኝ አደረ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። እናቴ የሰደበችባቸው ሰዎች እኮ እነዚህ ናቸው!

ያን ጊዜ ወንዙ አልወጣም፣ እግዜር ይመስገን። እኔ ግን በሳምንቱ ሐሙስ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው አንድ ልቃቂት ክር ገዛሁና ሹራብ ሠሪዎቹ ጋ ገባሁ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው። አሥራ አንድ ሴቶችና አንድ ወንድ ሽማግሌ። ማንም «አንቺ ማን ነሽ?» አላለኝም። ወንበር ሳቡልኝ። ሻይ መጣ። ሁለት ሰዓት ስለ አየር፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አንድ የጠፋ ድመት ወሬ ሆነ። ልወጣ ስል አንዷ ወረቀት ይዘው መጡ። ሰንጠረዥ ነው፤ «ሮታ» ይሉታል፣ የተራ ዝርዝር። ኩባያ የሚያጥብ ማን፣ ወንበር የሚደረድር ማን፣ ወተት የሚገዛ ማን። «ጃንዋሪ 16 ኩባያ ማጠብ ክፍት ነው፣ ልጻፍሽ?» አሉኝ። ስሜን በተሳሳተ ፊደል ጻፉት።

ቤቴ ስገባ ምን ትዝ አለኝ? የአባቴ እድር ደብተር። ስም፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ቀሪ፣ ቅጣት። እኛ ለቅሶ ደረስን፣ ድንኳን ጣልን ስንል ፍቅሩን እናወራለን እንጂ ደብተሩን አናወራም። ደብተር ባይኖር ድንኳኑን ማን ይተክለዋል? የእንግሊዞቹ ወረቀት መውደድ ያን ዕለት ትንሽ ገባኝ። የቢኗን ወረቀት ጨምሮ።

በገና ዕለት... ይቅርታ፣ የእኛን ገና ማለቴ ነው፣ ታህሳስ 29። ዶሮዬን ሠርቼ በመስኮት ሳይ ጎረቤቴ የገና ዛፋቸውን ወደ ውጪ እየጎተቱ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ማቆየት መጥፎ ዕድል ያመጣል ይላሉ። የእኔ በዓል ሲጀምር የእሳቸው ወደ ቆሻሻ እየሄደ ነበር። ወጥቼ አገዝኳቸው። ዶሮውንም ላክሁላቸው፣ በርበሬውን ቀነስ አድርጌ። በማግስቱ ሰሃኑ ታጥቦ ደጃፌ ላይ ነበር፣ ከምስጋና ካርድ ጋር። ስለ በርበሬው ምንም አልተጻፈም። ከዚህ በኋላ ከሌላ ሰው እንደሰማሁት ግማሽ ሊትር ወተት ጠጥተውበታል።

አሁን ወደ ጎመኑ ልምጣ። ይሄን ለመናገር ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

በዚህ ከተማ አትክልት መንገድ ላይ ይበቅላል። ባቡር ጣቢያው ጋ ቅጠላ ቅጠል አለ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ የመድኃኒት ዕፅዋት አለ፣ ቦዩ ዳር፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ2008 ፓም ዋርኸርስትና ጓደኞቿ ናቸው የጀመሩት፤ ኢንክሬዲብል ኤዲብል ይባላል። ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ አልጠበቁም። ክፍት መሬት ሲያዩ ተከሉ። ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሳይቀር በቆሎ አብቅለዋል። የተተከለው ለማንም ነው፤ የሚያልፍ ሰው ቆርጦ ይወስዳል። ሐሳቡ ዛሬ ብዙ አገር ገብቷል።

ይሄን ሁሉ አነበብኩ፣ ሰማሁ። ግን እንዴት አድርጌ? ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሥራ ስመላለስ ኬል የሚሉት ጎመን መንገድ ዳር ተንዠርግጎ «ነይ ቁረጪኝ» ይለኛል። ጥቁር ሴት፣ በቀን፣ ከሕዝብ አትክልት ስትቆርጥ ልትታይ? አልሆነልኝም። አንድ ማታ ኮፍያዬን አጥልቄ፣ ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሌባ ነው የምመስለው። ሦስት ቅጠል እንደቆረጥኩ ከኋላዬ ውሻ ጮኸ። ዞር ስል ባለ ውሻው ሰውዬ የእጅ ባትሪ አብርቶብኛል።

ልቤ ቆመ።

«ከታች ከታች ነው የሚቆረጠው ላቭ፣ ላዩን ተይው፣ ያድጋል» አለኝ። ከዚያ ባትሪውን ያዘልኝ። እሱ እያበራ፣ እኔ እየቆረጥኩ፣ ፌስታሉን ሞላን። ምን ልትሠሪበት ነው አለኝ። በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኛ ቀቅለን እንገድለዋለን» አለ።

ከዚያ በወር ሁለት እሁድ ተካዮቹ ሲሰበሰቡ መሄድ ጀመርኩ። ቤተክርስቲያን ማንቸስተር ነው፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ። ቅዳሴ የማልሄድበት እሁድ አፈር ቆፋሪ ነኝ። ተቆፍሮ ሲያበቃ አብሮ ይበላል።

በዚያው ጾም አንድ ቀን ሐሙስተኞቹ ሹራብ ሠሪዎች ፓንኬክ ይዘው ጠበቁኝ። የእነሱ ጾም ሊገባ ነው፤ እንቁላሉንና ቅቤውን ቀድመው ይጨርሱታል። ቅበላ ነው በቃ፣ የእኛው ቅበላ! እኔ ግን ጾም ከገባሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ለማስረዳት ስሞክር አንዷ «ለፋሲካ ስንት ቀን ትጾሚያለሽ?» አሉኝ። ሃምሳ አምስት ስላቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

የእኔና የእነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ዋለ፣ ሚያዝያ 12። ስለዚህ ስቅለትም አንድ ቀን ሆነ። እኔ ጠዋት ከሺፍት ወጥቼ ማንቸስተር ለስግደት ልሄድ ነበር። ሹራብ ሠሪዋ ጓደኛዬ «መጀመሪያ ሄፕተንስቶል ደርሰን እንመለስ» አለችኝ፣ ከኮረብታው ላይ ያለች የድንጋይ መንደር ናት። ፔስ ኤግ የሚባል የጎዳና ጨዋታ አለ። ፔስ የሚለው ቃል ራሱ ከፋሲካ ጋር አንድ ሥር አለው። እና ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ቅዱስ ጊዮርጊስ! ግን ፈረስ የለው፣ ዘንዶ የለው። በእግሩ ነው፣ ሰይፍ ይዞ፣ ቦልድ ስላሸር ከሚባል ጉረኛ ጋር ይፋለማል። የወደቀውን ሐኪም መጥቶ ከጠርሙስ ጠብ አድርጎ ያስነሳዋል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ስቅለት መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ማንቸስተር ስደርስ ሰዓቱ ረፍዷል። ዘግይቼ ስለገባሁ ይሁን ስለሳቅሁ አላውቅም፣ ያን ቀን ስግደቱን አበዛሁት።

አንድ ነገር ዘልያለሁ፣ ወደ ኋላ ልመለስ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከሐሙስተኞቹ አንዷ አረፉ። ስሜን በተሳሳተ ፊደል የጻፉት ሴትዮ። ወሬውን የሰማሁት በስልክ መልእክት ነው። ከሥሩ ቀብሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ይላል። ሦስት ሳምንት! እኛ ዘንድ በማግስቱ ተቀብሮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው መጥቶ ሄዶ፣ ሁሉ ያልቃል። እስከዚያ ባልየው ምን ያደርጋል? «ቦታ እንስጠው» አሉኝ ሰዎቹ። ማለት፣ አታስቸግሪው።

አልቻልኩም። ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ ንፍሮ ሠራሁ። ጥቁር ሻርፕ አደረግሁና ሄጄ አንኳኳሁ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ያዩኛል። «ምን ልርዳሽ?» አሉኝ። የቸገረኝ ነገር ያለ መስሏቸው። «ልቀመጥ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አስገቡኝ። ተቀመጥን። እኔ ዝም፣ እሳቸው ዝም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ይናገራል። ሻይ ለማፍላት ተነሱ፤ ሐዘንተኛ ሻይ ሲያፈላልኝ አፈርኩ። ንፍሮውን በማንኪያ ቀመሱት። «ይሄ ቁርስ ነው?» አሉኝ። የሐዘን ምግብ ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ስለ ሚስታቸው ማውራት ጀመሩ። ክሪኬት ሜዳ ላይ ነው የተገናኙት። የቶድሞርደን ክለብ፣ ከተማዋ ዮርክሻየር ሆና በላንካሻየር ሊግ የሚጫወት ነው። ድሮማ የሁለቱ ድንበር በከተማዋ መሃል ያልፍ ነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሥር በሚያልፈው ወንዝ ላይ። ግማሹ ሕንፃ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ድንበሩ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ሚስታቸው ከላንካሻየር ወገን፣ እሳቸው ከዮርክሻየር፣ በዚህ ሲጣሉ ሃምሳ ዓመት ኖሩ። ሦስት ሰዓት አወሩልኝ።

ለቀብሩም ሄድኩ። ሳንድዊች ነበር። ማንም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም። እኔ ብቻ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሰኔ ላይ ጨለማው ተገልብጦ ፀሐይ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተኩል አልጠልቅ አለች፤ መጋረጃ ላይ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው። አንድ አዳራሽ ውስጥ የዳቦ ውድድር ነበርና ድፎ ይዤ ገባሁ። ኮባ ስለሌለ በወረቀት ነው የጋገርኩት፣ ጥቁር አዝሙዱ ግን ነበረው። ዳኛው ካርድ ላይ «ጣዕሙ ጥሩ፣ ክብደቱ በዛ» ብሎ ጻፈ። ድፎ ካልከበደ ምኑን ድፎ ሆነ? እስካሁን አልወጣልኝም።

በዚያው ሰሞን በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። የንፍሮውን ሳህን ይዘዋል። ባዶውን አይደለም፤ ሩባርብ የሚሉትን ቀይ አገዳ ከነቅጠሉ አስረው። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፣ አረንጓዴ። «አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ጎመኑን እሠራዋለሁ» ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ቅጠሉ ለካ መርዝ ነው! የሚበላው አገዳው ነው፣ ያውም በስኳር። እዚያው በር ላይ ቆመው ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆርጠው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። አላመኑኝም መሰለኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ጎረቤቴን ቡና ጠራኋቸው። ኪሳቸው ውስጥ ካለች ትንሽ ደብተር ቀን ፈልገው «ማክሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ቆላሁ፣ ጢሱ የቤቱን የእሳት ማስጠንቀቂያ አስጮኸው። አቦሉን ጠጥተው ኮታቸውን አነሱ። ገና ሁለት ይቀራል አልኳቸው። ተቀመጡ። በረካው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነግረውኛል። ለሚቀጥለው ግን ደብተሯ ላይ ጽፈውታል።

ለእናቴ ነገርኳት። «እሳቸውስ ይጠሩሻል?» አለችኝ። ቢኔን ያስገቡልኛል አልኳት። አልገባትም፣ እኔም አላብራራሁም።

ውይ፣ ሰዓቱ! ዛሬ ሐሙስ ነው። ኩባያ አጠባው የእኔ ተራ ነው፣ ወተቱንም ገና አልገዛሁም። በሉ፣ ደህና ሁኑ።